ማብራት ሌላ፣ መክፈት ሌላ

ከወላይታ ወደ ውጭ አገር ለሥራ የሚሄዱ ብዙ ልጆች አሉን። አንዳንዶቹ ወደ ዐረብ አገር፣ አንዳንዶቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ከሶዶ መናኸሪያ ተነስተው፣ በአረካና በሆሳዕና አድርገው አዲስ አበባ ይገባሉ። ከዚያ ቦሌ አየር ማረፊያ ይደርሳሉ። አውሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት ይፈተሻሉ። ስልካቸውም ይፈተሻል። ዛሬ ስለዚህ ፍተሻ እንነጋገራለን።

ፍተሻው ለምን አስፈለገ?

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች አንድ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ጠለፉ። ፈንጂ ይዘናል ብለው አስፈራሩ። አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ነዳጁ አይበቃም ቢባሉም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። እንዲህ ያለ ክፉ ነገር እንዳይደርስ ነው የምንፈተሸው። ስለዚህ ፈታሹን አንቆጣው።

እንዴት ነው የምንፈተሸው?

ሻንጣችን በራጅ ውስጥ ያልፋል። ሐኪም ቤት ያለው ራጅ አጥንት ያሳያል። ይኸኛው ደግሞ በሻንጣ ውስጥ ያለውን ዕቃ ቅርጽ ያሳያል። እኛም ብረት በሚለይ በር እናልፋለን። ስልካችንን አውጥተን እናስቀምጣለን። እሱም በራጁ ያልፋል።

ታዲያ ራጁ መልእክታችንን ያነባል እንዴ? አያነብም። የሚያየው ባትሪውንና ሽቦውን ነው። ጽሑፉንና ፎቶውን አያይም።

አንዳንድ ጊዜ ፈታሹ «ስልኩን አብሩት» ሊል ይችላል። በሰኔ 2006 ዓ.ም. አሜሪካ ወደ አገሯ በሚሄዱ አንዳንድ በረራዎች ላይ ይህን ደንብ አወጣች። በስልክ ቀፎ ውስጥ ፈንጂ ሊደበቅ ይችላል ተብሎ ስለተፈራ ነው። ስልኩ ከበራ ይበቃል። ስለዚህ ከመንገድ በፊት ስልካችንን ቻርጅ እናድርግ።

ማብራት አንድ ነገር ነው። ቁልፉን ከፍቶ የውስጡን ማስነበብ ግን ሌላ ነው።

ስልክ ደብዳቤ ነው

ድሮ ወላጆቻችን ደብዳቤ ሲመጣላቸው ማንበብ ለሚችል ሰው ይሰጡ ነበር። ያ ሰው የቤቱን ጉዳይ ሁሉ ያውቅ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ወላይትኛም ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው ደብዳቤውን ለብቻው አነበበ። ሚስጥሩ የራሱ ሆነ።

ዛሬ ደብዳቤው ስልክ ውስጥ ገብቷል። የልጅ ፎቶ፣ የባልና የሚስት ጨዋታ፣ የቴሌ ብር ገንዘብ ሁሉ እዚያ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የወጣው በ1987 ዓ.ም. ነው። አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። በፖስታ የምንልከው ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምናደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ሆኖም መብቱ ገደብ አለው። ለምሳሌ የአገርን ደኅንነት ለመጠበቅ ወይም ወንጀልን ለመከላከል ሊገደብ ይችላል። ለዚህ ግን አስገዳጅ ምክንያት ያስፈልጋል። ሕግም ያስፈልጋል። እንዲያው ማየት ፈለግሁ ማለት አይበቃም። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል።

የሌላ አገር ሕግ ሌላ ነው። በአሜሪካ የድንበር ሠራተኞች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ ሊመረምሩ ይችላሉ። የውጭ አገር ሰው አልከፍትም ካለ እንዳይገባ ሊከለከል ይችላል።

ምን እናድርግ?

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እንግዲህ ከቤት ሳንወጣ እንዘጋጅ።

1. ስልካችንን በሚስጥር ቁጥር እንቆልፍ። ቁጥሩ 1234 አይሁን። የልደት ዓመትም አይሁን።

2. ቁጥሩን ለደላላ ወይም መንገድ ላይ ለተዋወቅነው ሰው አንስጥ። ሰው ቢረዳንም ቁጥሩን ራሳችን እንንካ።

3. ሌላ ሰው እንዲያየው የማንፈልገውን ነገር ስልክ ላይ ይዘን ድንበር አንሻገር።

4. የቤተሰብንና የኤምባሲን ስልክ ቁጥር በወረቀት እንጻፍ። ስልኩ ቢወሰድ ቁጥሩ አብሮ አይጠፋም።

5. ባለሥልጣን ስልኩን ክፈቱ ካለ አንጨቃጨቅ። በትሕትና «ጌታዬ፣ ምን ፈልገው ነው? በየትኛው ሕግ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ስልኩ ከተወሰደ መሥሪያ ቤቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን እንጻፍ። ደረሰኝም እንጠይቅ።

6. ፈርሙ ሲሉን መጀመሪያ እናንብብ።

መጻፍና ማንበብ የተማርነው ለዚህም ነው። ይህን ጽሑፍ ለመንገድ ለሚዘጋጁ ልጆቻችን እናንብብላቸው።

እንወያይ

ራጁ በስልክ ውስጥ ምን ያያል? ምን አያይም?

ስልክ በማብራትና በመክፈት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

በስልካችን ውስጥ ሌላ ሰው እንዲያየው የማንፈልገው ምን አለ? እንዴት እንጠብቀው?