የጥይት ቀለህን ለማቅለጥ የትኛው ማጽጃ ይመረጣል?

ሰቆጣ፦ ጦርነት ያለፈበት ማሳ ሲታረስ ማረሻው ከአፈሩ ጋር የሚያወጣው ድንጋይና ሥር ብቻ አይደለም፤ የጥይት ቀለህም አብሮ ይወጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ከጎዳቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ኽምራ ነው። መሬት ላይ የቀረው ቀለህ ለእረኛ ልጅ መጫወቻ፣ ለቀጥቃጭ ደግሞ ጥሬ ዕቃ ኾኖ ይታያል። ነሐስነቱ ዋጋ አለው፤ ሳይለይና ሳይጸዳ ወደ እሳት ከገባ ግን እጅም ዓይንም ያሳጣል።

ቀለህን መልሶ መጠቀም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ በ1874 ለሠራዊቷ የተቀበለችው የግራ ጠመንጃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥይቱ እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ ኾኖ ያገለግል ነበር፤ ባዶው ቀለህም ተሰብስቦ ዳግም ይሞላ ነበር። ዛሬ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ዘርፍ በጥብቅ ፈቃድ ሥር አድርጎታል። በመንደር ውስጥ ጥይት መሙላት ከአደጋው ባሻገር በሕግም ያስጠይቃል። የሚቀረው ሰላማዊ ጥቅም ነሐሱን አቅልጦ ሌላ ዕቃ መሥራት ነው። በአዲስ አበባ እንጦጦ አካባቢ የሚሠሩ ሴት የዕደ ጥበብ ባለሙያዎች ከቀለህ በቀለጠ ነሐስ ዶቃና የአንገት ጌጥ እየሠሩ ለውጭ ገበያ ጭምር አቅርበዋል።

ከየትኛውም ማጽጃ በፊት የሚመጣው መለየት ነው። ጫፉ ላይ እርሳሱ ያለበት ጥይት ቀለህ አይባልም፤ ያልተተኮሰ ነውና ሳይነኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። አፉ ክፍት ኾኖ ቂጡ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ መለኮሻ የመመታት ምልክት ከሌላት፣ መለኮሻዋ ገና ሕያው ልትኾን ትችላለች፤ በእሳት ውስጥ ትፈነዳለች። የከባድ መሣሪያ ተተኳሽ፣ የእጅ ቦምብና ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ጨርሶ አይነካም። ቦታውን ከሩቅ አመልክቶ ሰውንና ከብትን ማራቅ ብቻ ነው የሚበጀው። ልጆችን ቀለህ እንዲለቅሙ መላክ ደግሞ ሊታሰብ አይገባም፤ ልጅ ባዶውን ከሕያው አይለይም።

ሁለተኛው መለያ ማግኔት ነው። የክላሽ ቀለህ ብዙውን ጊዜ ነሐስ ሳይኾን ቀለም ወይም ስስ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ማግኔት ከያዘው ለነሐስ ሥራ አይጠቅምም። ማግኔት የማይዘው ቢጫው ቀለህ በአብዛኛው ከመቶ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ የተቀላቀለበት ነሐስ ነው።

የተለየው ቀለህ መጽዳት ያለበት ለማማር ብቻ አይደለም። በብዙ ጥይቶች መለኮሻ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ያለበት ውሕድ ይገኛል። ጥይቱ ሲተኮስ ዱቄቱ በቀለሁ ውስጥ ይቀራል። ይህ ዱቄት በትንፋሽ ወይም ባልታጠበ እጅ ወደ ሰውነት ከገባ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። የማጽጃ ምርጫ ዋናው መመዘኛም ከዚህ ይነሳል፦ አቧራ የማያስነሳው ይሻላል።

በውጭ ሀገራት ፈቃድ ያላቸው አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ቀለህን ዳግም ከመሙላታቸው በፊት በሦስት ዓይነት መሣሪያ ያጸዳሉ። አንደኛው የሚንቀጠቀጥ ገንዳ ሲኾን በውስጡ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የዋልነት ቅርፊት ይጨመርበታል። ቀለሁን ያበራል፤ ነገር ግን የእርሳሱ ዱቄት በቆረቆንዳው ውስጥ ይከማችና ሲወነፍ አቧራ ኾኖ ይነሳል። ሁለተኛው ውኃ፣ ሳሙናና ጥቃቅን የማይዝግ ብረት ዘንጎች የሚገቡበት ተሽከርካሪ በርሜል ነው። ውስጡንም ውጭውንም በደንብ ያጥባል፤ አቧራም አያስነሳም። ሦስተኛው ውኃን በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ ቆሻሻን የሚያላቅቅ መሣሪያ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው።

ለሚያቀልጥ ሰው የሚስማማው የሁለተኛው መንገድ ነው፤ ማሽኑን መግዛት ግን አያስፈልገውም። ነሐሱ ቀልጦ ቅርጹን ስለሚለውጥ እንደ መስታወት ማብራት ጥቅም የለውም። አፈ ሰፊና ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውኃ፣ የልብስ ሳሙና፣ ጥቂት የታጠበ ጠጠርና የጎማ ጓንት ይበቃሉ። ዕቃውን ማንከባለል የበርሜሉን ሥራ በጉልበት ይሠራል። ዝገቱ ከጠና ከሳሙናው በኋላ ቀለሁን በሎሚ ጭማቂና በውኃ ለጥቂት ደቂቃዎች ዘፍዝፎ ማለቅለቅ ነው። ለዚህ የዋለ ዕቃ ወደ ማድ ቤት አይመለስም። እጣቢውም ከምንጭ፣ ከከብት መጠጫና ከጓሮ አትክልት ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ይደፋል።

አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ለነሐስ አይኾንም። በቅኝ ግዛት ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት ጥይቶቹ እየተሰነጠቁ ይቸገር ነበር። በኋላ እንደተረጋገጠው ምክንያቱ ከፈረስ ጋጣ የሚወጣው አሞኒያ ነበር። ከብት ካለበት በረት አጠገብ የተቀመጠ ነሐስም ያው ዕጣ ሊገጥመው ይችላል፤ ከቀለህ የተሠራ ጌጥም ኾነ የቤተ ክርስቲያን ጸናጽል ከሽንት ሽታ ርቆ ቢቀመጥ ይመረጣል።

የታጠበው ቀለህ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወደ እሳት አይገባም። ነሐስ የሚቀልጠው ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በኾነ ሙቀት ነው። በቀለህ ሆድ ውስጥ የቀረች ጠብታ ውኃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ትለወጥና የቀለጠውን ብረት ትረጨዋለች። ዚንክ ደግሞ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ነጭ ጭስም ይኾናል። ይህን ጭስ የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ይይዘዋል። ስለዚህ ወናፉ ያለበት ቦታ ነፋስ የሚያገኘው ሜዳ እንጂ የተዘጋ ጎጆ ሊኾን አይገባም፤ ሠራተኛውም ከነፋሱ አቅጣጫ ጀርባ ይቆማል።

ከሰቆጣም ኾነ ከጽጽቃ ገበያ ቀለህ በብዛት ለመግዛት ወይም ለማጓጓዝ ያሰበ ባለሙያ ወደ አካባቢው ፖሊስ ቀርቦ አስቀድሞ ማሳወቁ ይጠቅመዋል። በዚህ ሥራ ውድ ማሽን የሌለው ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ለመለየት ጊዜ ያጣው፣ በደረቁ የጠረገውና እርጥቡን ወደ እሳት የጨመረው ነው። አንድ ማግኔት፣ አንድ የውኃ ዕቃና አንድ የፀሐይ ቀን የጦርነትን ትራፊ ወደ ጌጥ ለመለወጥ ያደርሳሉ።