መርዙ አንድ፣ ማዕዱ ልዩ ልዩ፦ የኬሚካል ደህንነት ገምጋሚዎች እንዴት ይሠለጥናሉ?

ጓያን የሚያውቅ ሰው የቶክሲኮሎጂን የመጀመሪያ ትምህርት ያውቃል። ከሌላ እህል ጋር አልፎ አልፎ ሲበላ ጉዳቱ ብዙም አይታይም። ድርቅ ሌላውን ሰብል አጥፍቶት ለወራት ዋና ቀለብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው የነርቭ መርዝ ጤነኛውን ወጣት እግሩን አስሮ ያስቀረዋል፤ የያዘውንም መልሶ አይለቅም። እህሉ ያው ነው። የተለየው መጠኑና የተበላበት ጊዜ ርዝመት ነው።

ይህን መረዳት አንድ ነገር ነው፤ አንድ ፀረ ተባይ፣ ቀለም ወይም የፊት ቅባት ገበያ ይውጣ አይውጣ ብሎ ፊርማ ማኖር ሌላ ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። በ1937 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ አንድ ፈሳሽ መድኃኒት ዳይኢቲሊን ግላይኮል በተባለ መርዛማ ኬሚካል ተበጥብጦ ተሸጠ፤ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ከሟቾቹም መካከል ሕፃናት ነበሩ። የዘመኑ ሕግ መድኃኒቱ ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ ይፈተሽ አይልም ነበር። የሚያስገድደው ሕግ የወጣው በማግስቱ ዓመት ነው። በ1960 ደግሞ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ገና አዲስ ተቀጣሪ የነበሩት ፍራንሲስ ኬልሲ ታሊዶማይድ የተባለውን መድኃኒት ዶሴ ተረክበው፣ የቀረበው ማስረጃ አይበቃም ብለው መለሱት። ኩባንያው ደጋግሞ ቢወተውትም አልፈረሙም። መድኃኒቱን ነፍሰ ጡሮች በወሰዱባቸው ሌሎች አገሮች ግን ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ተጎድቶ ተወለዱ። ለእኔ የዚህ ሙያ ሥልጠና ዓላማ እንደ ኬልሲ በቂ ያልሆነን ማስረጃ መለየትና ግፊትን መቋቋም የሚችል ሰው ማፍራት ነው።

ማስረጃው ራሱ ሐሰት ሊሆንም ይችላል። በ1970ዎቹ ኢንዱስትሪያል ባዮ-ቴስት የተባለ የአሜሪካ ላቦራቶሪ የፈጠራ ውጤት ሲያቀርብ መኖሩ ተጋለጠ፤ የመልካም ላቦራቶሪ አሠራር ደንቦች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ሠልጣኙ የጥናቱን መደምደሚያ ከማንበቡ በፊት ጥሬ መረጃው የት እንዳለና ማን እንደፈተሸው መጠየቅን ይለምዳል።

ስሌቱ ሲታይ ቀላል ነው። አንድ ኬሚካል በእንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየበት ከፍተኛው መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 5 ሚሊግራም ነው እንበል። ሰው ከእንስሳ ሊለይ ይችላልና ለ10፣ ሰውም ከሰው ይለያልና እንደገና ለ10 ይካፈላል። 0.05 ሚሊግራም ይቀራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 3 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህ የመቶ እጥፍ መጠበቂያ በ1950ዎቹ የተቀመረ ነው። ችግሩ ያለው ከማካፈሉ በፊት ነው፦ የትኛው ጥናት ይታመናል? የአይጧ ጉበት መጠኑ መጨመሩ ጉዳት ነው ወይስ መላመድ? ይህን የሚያስተምረው ልምድ ካለው ገምጋሚ ጎን ተቀምጦ ዶሴ ማገላበጥ ነው።

የሙያ ማኅበራቱም ይህን ያውቃሉ። በአውሮፓ የተመዘገበ ቶክሲኮሎጂስት ለመባል ከዲግሪው ሌላ ቢያንስ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ምዝገባውም በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። አሜሪካ ውስጥ በ1979 የተመሠረተው የቶክሲኮሎጂ ቦርድ በፈተና ይመዝናል። ትምህርቱም እየተለወጠ ነው፦ የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት ላይ የተፈተሸ መዋቢያ እንዳይሸጥ ሙሉ በሙሉ ከከለከለበት ከ2013 ወዲህ በሰው ሰራሽ ቆዳና በኮምፒውተር ትንበያ መገምገም የግድ ሆኗል።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የአንድ ኬሚካል ጎጂነት ድንበር አያውቅም፤ አውሮፓ የተገመገመው መቂም ላይ ያው ነው። ተጋላጭነት ግን የየአገሩ ነው። የአውሮፓ ስሌት ረጪውን በትራክተር ላይ፣ ጓንት አጥልቆ ሊገምተው ይችላል። መቂ ላይ ቲማቲም የሚረጨው ገበሬ ግን መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ብዙ ጊዜም በባዶ እጁ ነው። ኬሚካሉንም “መድኃኒት” ይለዋል፤ ቃሉ ራሱ ጥንቃቄን ያላላል። የምግቡም ስሌት እንዲሁ ነው። እንጀራ በማይበላበት አገር የተዘጋጀ የፍጆታ ሠንጠረዥ በጤፍ ላይ የቀረውን ቅሪት ከቁጥር አያስገባውም፤ የእኛ ሰው ግን ቁርስ፣ ምሳና ራቱ እንጀራ ነው።

የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ቆይቷል፤ ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ እንዳይገባ ይደነግጋል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ግን ዶሴ ማንበብ የሚችል ሰው ነው። መሠልጠኛው ሩቅ አይደለም፦ የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ በፀረ ተባይ ስጋት አስተዳደር የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ በርቀት ይሰጣል፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትም ለመዝጋቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ በነፃ ለሁሉም አቅርቧል። የኬሚስትሪ፣ የፋርማሲ፣ የእንስሳት ሕክምናና የእርሻ ምሩቃን ሆይ፣ ወደዚህ ሙያ ግቡ። ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የእንጀራችንንና የሽሯችንን ፍጆታ፣ የረጪውንም ተጋላጭነት በአገራችን ማሳ ላይ ለክተው ለገምጋሚዎቹ ያስረክቡ።