የሌለ ነገር ሽታ

መንገድ ላይ ሰው ድንገት ወድቆ መንፈራገጥ ሲጀምር፣ ከተሰበሰበው ሕዝብ መሃል አንዱ «ክብሪት! ክብሪት ያላችሁ!» ብሎ መጮኹ አይቀርም። አራት አምስት እንጨት ባንድ ላይ ይጫርና ጭሱ ወደ ወደቀው ሰው አፍንጫ ይጠጋል። ጥቂት ቆይቶ መንፈራገጡ ይበርዳል፤ ሰውየው ትንፋሹ ይመለሳል፤ ዓይኑን ይገልጣል። «ይኸው ተነሳ!» ይላል የጫረው። ማን ይከራከረዋል?

ሐኪም ይከራከረዋል። የሚጥል በሽታ መንቀጥቀጥ ክብሪት ተጫረም አልተጫረም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪቱ ከሱቅ መጥቶ እስኪጫር ደግሞ ያው ሁለት ደቂቃው አልቋል፤ ስለዚህ ምስጋናው ሁሌም ለክብሪት ይሆናል። በሽተኛው ግትር ባለበት ሰዓት ትንፋሹ ስለሚቋረጥ ጭሱን አይስበውም። ትንፋሹ ሲመለስ ግን የድኙ ጭስ ያፍነዋል፣ አንዳንዴም ከንፈሩ ወይም አፍንጫው ይለበለባል። የሚጠቅመው በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና መውሰድ ነው።

ሽታንና የሚጥል በሽታን ማገናኘቱ የኛ ሀገር ብቻ ልማድ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማውያን በሚያስተዳድሩት ሰሜን አፍሪካ ጸሐፊው አፑሌየስ አንድን ልጅ በድግምት ጣልክ ተብሎ ተከሶ ነበር። የመከላከያ ንግግሩ ዛሬም ይነበባል፤ ልጁ ድግምት ሳይሆን በሽታ እንዳለበት ይከራከራል። በዚያ ዘመን ጋጋቴስ የሚባል ጥቁር ድንጋይ አጭሶ በማሽተት በሽታው ያለበትን ሰው መለየት ይቻላል ተብሎ ይታመን እንደነበርም ይጠቅሳል። እኛ ዘንድ ጭስ የወደቀውን ያነሳል፤ እነሱ ዘንድ የቆመውን ይጥላል።

ሁለቱም ያላወቁት ነገር ቢኖር ሽታው ከውጭ ሳይሆን ከራሱ ከአንጎል ሊነሳ እንደሚችል ነው።

በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን የተባለው ታላቅ የነርቭ ሐኪም ከባልደረባው ከቻርልስ ቢቨር ጋር የአንዲት ወጥ ቤት ሠራተኛን ሕመም መዝግቧል። ሴትዮዋ በሽታው ሲነሳባት የቆሸሸ ነገር ሲቃጠል የሚመስል ክፉ ሽታ ይሸታታል፤ ጉድ ጉድ እያለች የምታበስል አንዲት ትንሽ ሴትም ትታያታለች። ሕይወቷ ካለፈ በኋላ አንጎሏ ሲመረመር፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ባለውና ቴምፖራል ሎብ በሚባለው ክፍል በቀኝ በኩል ዕጢ ተገኘ። በሽታው የሚነሳበትን ቦታ በሽተኛዋ ራሷ ለጃክሰን ነግራዋለች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በካናዳ ሞንትሪያል ዊልደር ፔንፊልድ ቀዶ ሕክምና ላይ ነቅተው የተኙ በሽተኞችን በዚያው አካባቢ በቀጭን ኤሌክትሪክ ሲነካቸው፣ ክፍሉ ውስጥ የሌለ ነገር ይሸታቸው ነበር።

ምክንያቱ ከአንጎል አሠራር ይመጣል። የዓይንና የጆሮ መልእክት ወደ ላይኛው የአንጎል ክፍል ከመድረሱ በፊት ታላመስ በሚባል ማዕከል ያልፋል። የሽታ መልእክት ግን በአብዛኛው ከዚህ ኬላ ሳይቆም ቴምፖራል ሎብ ሥር ይገባል፤ ጎረቤቶቹም ፍርሃትን የሚያንቀሳቅሰው አሚግዳላና ትዝታን የሚይዘው ሂፖካምፐስ ናቸው። በሽታው በዚህ ሰፈር ሲጀምር ታዲያ ሽታ፣ ድንጋጤና «ይህን ከዚህ በፊት አይቼዋለሁ» የሚል ስሜት ተያይዘው ይመጣሉ። ሽታው ብዙ ጊዜ ደስ አይልም፤ የተቃጠለ ጎማ፣ የበሰበሰ ነገር፣ አንዳንዴም ድኝ ነው። ክብሪት ሳይጫር የክብሪት ሽታ የሚሸታቸው አሉ።

አሜሪካዊው የሙዚቃ ሊቅ ጆርጅ ጌርሽዊን በ1937 መድረክ ላይ ፒያኖ እየተጫወተ ለቅጽበት ራሱን ሳተ፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታም ይሸተው ነበር። በመጀመሪያ የጭንቀት ነው ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ውስጥ ከአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና በኋላ በ38 ዓመቱ ሞተ። ይህን ያነበበ ሁሉ ዕጢ አለብኝ ብሎ መደንገጥ የለበትም፤ የሌለ ሽታ የሚሸታቸው ከሚጥል በሽታ ታማሚዎች ጥቂቶቹ ሲሆኑ፣ መነሻውም ሁልጊዜ ዕጢ አይደለም፤ ሌላ ጉዳትም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ኤምአርአይ መነሳት ያለበት ምልክት በመሆኑ ሐኪሞች ይስማማሉ።

ለክብሪት ደጋፊዎች ግማሽ ድል የሚሰጥ ታሪክም አለ። በ1950ዎቹ ሮበርት ኤፍሮን የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ አንዲት ዘፋኝ ሲያክም፣ በሽታዋ ሊጥላት ሲል ጠንካራ ሽታ ብታሸት እንደሚቆምላት አየ። ለዚህም የጃስሚን ሽቶ ተጠቀመ። ቀጥሎ ሽቶውን ባሸተተች ቁጥር የእጇን አምባር እንድትመለከት አለማመዳት፤ ከጊዜ በኋላ አምባሩን ማየት ብቻውን በሽታውን ይገታላት ጀመር። ነገሩ ተረት ቢመስልም በ1956 እና በ1957 በሕክምና መጽሔት ታትሟል። ልዩነቱ እሷ ገና ነቅታ፣ በሽታው በአንድ ማዕዘን ሳለ ማሽተቷ ነው። መንገድ ላይ የወደቀው ሰው ግን አንጎሉ በሙሉ ተይዟል።

ሌላም ብዙ ያልተወራለት ጉዳይ አለ። በሽታው ከቴምፖራል ሎብ የሚነሳባቸው ብዙ ሰዎች ሽታ ባይጠፋባቸውም ምንነቱን መለየት ይቸግራቸዋል። ሄንሪ ሞሌይሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1953 በሽታውን ለማስታገስ የሁለቱም ቴምፖራል ሎቦቹ ውስጠኛ ክፍል ተቆርጦ ወጣለት። ትዝታ ስለማጣቱ ብዙ ተጽፏል። በ1983 የወጣ ጥናት ደግሞ አንድ ነገር እንደሚሸት ያውቅ እንደነበር፣ የምን ሽታ እንደሆነ ግን መናገር እንደማይችል አሳይቷል። ዕቃውን ሲያየው ስሙን አይስትም፤ በአፍንጫው ብቻ ሲሆን ግን ግራ ይገባዋል።

ይህን ችግር የሚለካው ታዋቂው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ መመርመሪያ 40 ሽታዎች በወረቀት ላይ ተለጥፈው እየተፋቁ የሚሸተቱበት ነው። ከሽታዎቹ መካከል ሩት ቢር የሚባለው የአሜሪካ ለስላሳ መጠጥ ይገኝበታል። ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ሩት ቢርን ባይለይ አንጎሉ ታመመ ሊባል ነው? እዚህ የሚሠራ ፈተና ቡና ሲቆላ፣ ጤና አዳም፣ ከርቤና በርበሬ ይፈልጋል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው 60,820 ሰዎችን አዳርሰው ነበር። በሽታው ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ትክክለኛውን መድኃኒት ያገኙት ግን 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። የብዙዎቹ ተስፋ ጸበል፣ ክታብና ሥራ ሥር ነበር። ምድጃ ላይ ወድቆ መቃጠልም አንዱ የታወቀ ጉዳት ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ያ ክፉ ሽታ ሲመጣባት ከምጣዱ ፈቀቅ ብላ መሬት ለመቀመጥ ጥቂት ሰከንድ ሊበቃት ይችላል፤ ለዚያ ግን ሽታው የምን ምልክት እንደሆነ አስቀድሞ የነገራት ሰው ያስፈልጋል።

ዛሬ ቤተሰብ መንቀጥቀጡን በስልክ ቀርጾ ለሐኪም ያሳያል፤ ይህም ትልቅ እገዛ ነው። ሽታው ግን ቪዲዮው ላይ አይገኝም። ታማሚው ደግሞ «ያበደ ይሉኛል» ወይም «ዛር ነው ይሉኛል» ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ካልሆነም እናትየው ናት፦ ከመውደቅህ በፊት የሚሸትህ ነገር አለ? ምን ይመስላል? ከሽታው እስከ መውደቅህ ምን ያህል ይቆያል? ሳትወድቅስ ሽታው ብቻ መጥቶ የሚሄድበት ቀን አለ?