ከትልቁ ቁጥር ይልቅ ትንሿ ሠንጠረዥ

እናንተዬ፣ የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ ገባኝ! ቁጭ በሉና ስሙኝ፤ ስለ ኤሌክትሪክ ምንም ማወቅ አያስፈልግም፣ ማባዛት ከቻላችሁ ይበቃል።

ፓወር ሰፕላይ ማለት የመብራቱ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካበት፣ ማራገቢያ ያለው የብረት ሣጥን ነው። ከግድግዳው የሚመጣው መብራት 220 ቮልት ነው፤ አቅጣጫውንም በየሰከንዱ 100 ጊዜ ይገለባብጣል። ቺፖቹ በቀጥታ ቢያገኙት አመድ ይሆናሉ። ፓወር ሰፕላዩ ታዲያ ይህን ኃይለኛ መብራት ተቀብሎ፣ አቅጣጫውን አስተካክሎ፣ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ ያከፋፍላል።

አሁን ወደ ዋቱ እንምጣ። ካርቶኑ ላይ 650 ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ሰው «ይሄማ ቆጣሪ ያስሮጣል» ብሎ ይሸሻል። አያስሮጥም! መርካቶ ኩንታል የሚሸከም ጎበዝ 20 ኪሎ ብታሸክሙት የሚሸከመው 20 ኪሎ ነው፤ ኩንታል መቻሉ ሸክሙን አያከብደውም። 650 የሚችለው ፓወር ሰፕላይም ኮምፒውተሩ 100 ዋት ከጠየቀው 100 ብቻ ይሰጣል። ቁጥሩ የአቅሙ ጣሪያ እንጂ የፍጆታው ልክ አይደለም።

ታዲያ የእኛ ኮምፒውተር ስንት ይጠይቃል? ዋነኞቹ በላተኞች ሁለት ናቸው፦ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ። ኢንቴል ኮር አይ5-12400 ሲበረታ 117 ዋት ይወስዳል፤ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170። ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለሃርድ ዲስኩና ለማራገቢያዎቹ 50 ጨምሩ። ድምሩ 337። ግን ልክ 337 አይገዛም፤ ግራፊክስ ካርድ ለቅጽበት ከተጻፈለት በላይ ይስባል። ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ 550 ዋት ይመክራል፤ እኔም በዚሁ እስማማለሁ።

አሁን ነው ጉዱ! ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ተለጣፊ አለ፤ እሱ ላይ ትንሽ ሠንጠረዥ። ከላይ ቮልቶቹ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው አምፔሩ። ዓይናችሁን 12 ቮልት ላይ አሳርፉና ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 አባዙ። 54 ከሆነ፣ 648 ዋት። ካርቶኑ 650 ይላል፤ ገጠመ! አሁን ደግሞ ካርቶኑ 500 ዋት የሚል፣ 12 ቮልት ሥር ግን 18 አምፔር የተጻፈበት ቢያጋጥማችሁስ? 18 በ12 ስናባዛ… 216 ዋት! የቀረው በ5 እና በ3.3 ቮልት በኩል የተቆጠረ ነው፤ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ከሞላ ጎደል የሚኖሩት በ12ቱ ብቻ ነው። ያን ኮምፒውተራችንን አስቡት፤ 337 እየጠየቀ 216 ሲሰጡት ጌም ስትከፍቱበት ድርግም ቢል ምን ይገርማል?

ለምን 12 ሆነ? ይሄም ደስ ይላል። 120 ዋት በ5 ቮልት ለመላክ 24 አምፔር በገመዱ ማለፍ አለበት፤ በ12 ቮልት ግን 10 ብቻ። አምፔሩ ሲያንስ ገመዱም አይግልም። ድሮ ፕሮሰሰሮች ከ5 ቮልት ነበር የሚቀለቡት፤ በ2000 እ.ኤ.አ. ፔንቲየም 4 ሲመጣ ነገሩ ወደ 12 ዞረ።

«80 ፕላስ» የሚል ምልክት ካያችሁ ደግሞ፣ ከግድግዳው ከሚስበው ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው። ኮምፒውተሩ 300 ዋት ሲጠይቅ ከግድግዳው 375 ይሳባል፤ 75ቱ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብሮንዝና ጎልድ የሚባሉት ብክነታቸው ከዚህም ያነሰ ነው። ለቤት ኮምፒውተር ብሮንዝ ይበቃል ባይ ነኝ።

ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴል የገዛችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት ማዘርቦርዳቸው የሚቀበለው የተለመደውን ባለ 24 እግር ሶኬት ሳይሆን ባለ 8ቱን ነው፤ ማንኛውም ፓወር ሰፕላይ አይገባላቸውም። ለእነዚህ ጂቲኤክስ 1650ን የመሰለ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልገውን ዓይነት ካርድ ፈልጉ፤ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካበት ቦታ ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጠዋል።

ገመዱ የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ ከገዛችሁ፣ የሌላውን ገመድ ቢገባም እንኳ አትሰኩበት። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የእግሮች አደራደር ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ሃርድ ዲስክ ያቃጥላል። ቢበላሽም ፈታችሁ አትነካኩት፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ።