የጠዋት ጥላ እስከ የት ይረዝማል?

ማንኪራን ስሙን የሚያስጠራው ቡናው ነው። ከቦንጋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ይህ ደን የአረቢካ ቡና መገኛ ተብሎ ይነገርለታል፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭም አካል ነው። እዚያ ቡና የሚበቅለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ጥላ ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቃላቸው ይዘውት የሚያልፉትን አሲምቶትን፣ ማለትም ግራፉ እየተጠጋው የማይነካውን ባለ ነጠብጣብ መስመር፣ ከጥላ የተሻለ የሚያስተዋውቅ አላውቅም።

የሚያስፈልገው ከዛፎቹ ወጣ ያለ ገላጣ ሜዳና ቀጥ ብሎ የተተከለ የአንድ ሜትር ዱላ ነው። ማንኪራ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ በአናት ላይ ታልፋለች። በእነዚህ ቀናት በየሰዓቱ 15 ዲግሪ ያህል እየወጣች ትሄዳለች። የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ቀንን የሚጀምረው ከፀሐይ መውጫ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሰዓቱን በ15 ማባዛት ብቻ። የጥላው ርዝመት የዚያ ማዕዘን ኮታንጀንት ይሆናል።

በ3 ሰዓት ማዕዘኑ 45 ዲግሪ ነው፤ ጥላው ከዱላው ጋር እኩል፣ አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ እንቁጠር። በ2 ሰዓት 1.73 ሜትር፣ በ1 ሰዓት 3.73 ሜትር። ፀሐይ በወጣች በግማሽ ሰዓት 7.6 ሜትር፣ በአራት ደቂቃ 57 ሜትር ይሆናል። ወደ መውጫዋ ቅጽበት በተጠጋን ቁጥር ርዝመቱ ከማናቸውም ከምንጠራው ቁጥር ያልፋል፤ በራሷ በመውጫዋ ቅጽበት ግን ጨረሩ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ስለሚሆን የጥላው ጫፍ መሬት አያገኝም፣ ለርዝመቱም ቁጥር የለውም። አሲምቶቱ እዚያ ነው። ተማሪው በደብተሩ ላይ የሚያሰምረው ባለ ነጠብጣብ መስመር እዚህ የፀሐይ መውጫ ነው።

በ6 ሰዓት ጥላው ከዱላው ሥር ገብቶ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ ምሥራቅ ስለሚዞር የመቀነስ ምልክት እንሰጠዋለን፤ በ9 ሰዓት እንደገና አንድ ሜትር፣ በ12 ሰዓት እንደገና ወሰን የለሽ። ኮታንጀንት ራሱን የሚደግመው በየ180 ዲግሪው ነው፤ ይህም በእኛ ሰዓት ልክ 12 ሰዓት ነው። ሌሊት የሚታይ ጥላ ባይኖርም ግራፉ ያንኑ መልክ ይደግማል።

ይህ እውቀት ከትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይልቅ በዕድሜ ይበልጣል። በግእዝ የዘመን አቆጣጠር መጻሕፍት ውስጥ የጥላን ርዝመት በእግር እየለኩ በየወሩ ሰዓትን የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሉ፤ ኦቶ ኖይገባወር በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ዘርዝሯቸዋል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው ሐበሽ አል-ሐሲብም ዛሬ ታንጀንትና ኮታንጀንት የምንላቸውን ያሰላቸው የጥላ ሠንጠረዥ አድርጎ ነበር። የዐስር ሶላት ወቅትም በአብዛኞቹ የሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ የሚገባው፣ የቀትሩ ጥላ ተቀንሶ፣ ጥላ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ሲተካከል ነው፤ ከላይ ባልናቸው ቀናት በማንኪራ ይህ 9 ሰዓት ላይ ይውላል።

አሁን ግራፉን እንለውጠው። ዱላውን በሁለት ሜትር ዱላ ብንተካው እያንዳንዱ ጥላ እጥፍ ይሆናል፤ ግራፉ ወደ ላይና ወደ ታች ይወጠራል። የፀሐይ መውጫ ግን በዱላው ርዝመት ምክንያት አይቀድምም፣ አይዘገይም። ስለዚህ አሲምቶቱ ካለበት አይነቃነቅም። ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ከፈንክሽኑ ፊት ያለው ቁጥር ሲቀየር አሲምቶቱም አብሮ የሚሄድ ይመስላቸዋል።

አሲምቶቱን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ነው። የአገራችን ሰዓት የተስተካከለው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው፤ ቦንጋ ያለችው 36 ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር አራት ደቂቃ ስለሚፈጅባት የቦንጋ ቀትር በግድግዳ ሰዓት 6፡35 አካባቢ ይውላል። መላው ግራፍ፣ አሲምቶቱም ጭምር፣ 35 ደቂቃ ወደ ቀኝ ተንሸራቷል ማለት ነው፤ በቀመሩ ውስጥ ከሰዓቱ ላይ 35 ደቂቃ እንቀንሳለን። በጅግጅጋ ይኸው መንሸራተት 9 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የካፋ ምድር ደግሞ ሜዳ ብቻ አይደለም። ወደ ምዕራብ 15 ዲግሪ በሚያዘቀዝቅ ተዳፋት ላይ ዱላውን ከመሬቱ ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን ብንተክለው ፀሐይ 15 ዲግሪ እስክትወጣ ድረስ ጨረሯ መሬቱን አይመታውም። በፀሐይ ቆጠራ አሲምቶቱ ወደ 1 ሰዓት፣ ዜሮው ጥላ ወደ 7 ሰዓት ይዛወራል። ኬንትሮሱ ያደረገውን መሬቱም ያደርጋል፤ ሁለቱም የሚነኩት ፈንክሽኑ ውስጥ የሚገባውን ማዕዘን ነው።

ሜዳ ላይ ቆመን በስተ ምሥራቅ ራቅ ያለ ኮረብታ ቢጋርደን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮረብታው 10 ዲግሪ ከፍታ ካለው ፀሐይ የምትታየን 40 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው፤ ይህን አሲምቶት የሚል ይሳሳታል። ግራፉ እዚያ ጋ ተቆረጠ እንጂ ወደ ወሰን የለሽ አልሸሸም፤ የጠበበው ዶሜይኑ ነው። ለአንድ ሜትሩ ዱላ በዚያ ጠዋት መጀመሪያ የሚታየው ጥላ 5.67 ሜትር ነው፤ በሜትር ሊለካ ይችላል።