ያኔ የዘለልናቸው ገጾች

ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከልቦለድ ወደ ታሪክ፣ ከፍቅር ወደ ቁም ነገር ይዞራል ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መጽሐፉ ያው ሆኖ የምንወደው ገጽ መለወጡ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። እዚህ ትክል ድንጋይ ለእኛ የደረሰን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሽፋኑን የጣለ ቅጂ ነበር። ያኔ የምንፈልገው ፍቅረኞቹን ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ብቻ ነው። ማንኩሳ ላይ ስለ በዛብህ ወላጆች፣ ስለ ቦጋለ መብራቱና ስለ ውድነሽ በጣሙ የሚያወራውን መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ገልጠን አለፍነው። ለትምህርት ጎንደር ስንገባ ደግሞ ተራው የልማድ ተቺው የጉዱ ካሳ ሆነ፤ ትንሽ የተከራከረ ሁሉ ራሱን ጉዱ ካሳ ያደርግ ነበር።

ዛሬ ስከፍተው የምቆየው እነዚያ የዘለልናቸው ገጾች ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከሄደ በኋላ ተጋብተው፣ ያገኙትን ልጅ ሞት እንዳይነጥቃቸው ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት ወላጆች። የበዛብህ ጣጣ የሚጀምረው ከዚያ ስለት ነው። የታመመ ልጅ አቅፎ ያደረ ሰው ያንን ስለት ዝም ብሎ አያልፈውም።

አፄ ቴዎድሮስም እንዲሁ ናቸው። የጎንደር ልጅ ከመጽሐፍ በፊት በሽለላና በፉከራ ያውቃቸዋል። ስለዚህ የጎንደሬው የብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» ወይም የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» እጁ ሲገባ የሚፈልገው ጀግናውን ነው፤ ያገኛልም። ቆይቶ ግን የታሪክ መጻሕፍቱን ሲያገላብጥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ያስዘረፉት፣ አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉት እኚሁ ንጉሥ መሆናቸውን ያነባል። በአሥራ ስድስት ዓመቴ ይህን ያነሳብኝ ሰው ቢኖር እንጣላ ነበር። አሁን ሁለቱን ቴዎድሮስ አብሬ ካላየሁ ታሪኩ ጎደሎ ይሆንብኛል።

ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ወጣት ያልኖረውን ሕይወት ከመጽሐፍ ይበደራል፤ ጎልማሳ የኖረውን ይዞ መጽሐፉን ይፈትሻል። የጊዜ ጉዳይም አለ። ወፍራም ልቦለድ ባንድ ሌሊት መጨረስ ድሮ ቀረ (መነጽሩም አይፈቅድም)፤ ስለዚህ አጭር ልቦለድና ግለ ታሪክ ይቀናናል። ይህን ብስለት ብለን ባንኮራበት ደስ ይለኛል።

ይህን የምለው ታላላቆች ታዳጊዎችን ሲያሸማቅቁ ስለማይ ነው። በ2001 ዓ.ም. የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ሲወጣ ስንቱ ወጣት እንቅልፍ አጥቶ እንዳነበበው እናስታውሳለን፤ «ይሄ ደግሞ መጽሐፍ ነው?» ያለውም ብዙ ነበር። እባካችሁ፣ ልጃችሁ የስለላም ይሁን የፍቅር ልቦለድ ይዞ ካመሸ ከእጁ አትቀሙት። እንደ «አደፍርስ» ያለ ከባድ ልቦለድ በግድ ከምትሰጡት የጀመረውን ይጨርስ።