ከኋላዎ ዘግቶ የቆመው መኪና የማን ነው?

በአረብ ኤምሬትስ የሌላ ሰው መኪና ዘግቶ ማቆም 500 ድርሃም ያስቀጣል፤ “ለሁለት ደቂቃ ነው” የሚለው ምክንያት ግን ዛሬም አልቀረም

አርብ ከቀትር በኋላ ነው እንበል። በአቡዳቢ ወይም በሻርጃ ከአንድ መስጂድ አጠገብ በስርዓቱ ያቆሙትን መኪና ሊያነሱ ሲመጡ ሌላ መኪና ከኋላ ዘግቶታል። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ባለቤቱ የለም። ከፊት መስታወቱ ስር የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ካገኙ እድለኛ ነዎት። ካላገኙ ሶላቱ እስኪያልቅ፣ ከሶላቱም በኋላ ሰላምታው እስኪያልቅ ከፀሐይ ጋር መጋፈጥ ነው።

ይህች የስልክ ቁጥር ነገር የባህረ ሰላጤው ከተሞች የራሳቸው ስነ ምግባር ሆናለች። ዘግቶ የሚያቆም ሰው ቁጥሩን ትቶ ከሄደ ጨዋ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ካልተወው ይሻላል። ነገር ግን ቁጥር መተው ፈቃድ ማግኘት አይደለም። “ቁጥሬን ትቼ የለ?” የሚለው ሰው ስልኩን ድምጽ አጥፍቶ ለጸሎት ቆሞ ከሆነ፣ ያ ወረቀት ለእርስዎ ምን ይሰራል? ብዙ ሴት አሽከርካሪዎች ደግሞ ስልካቸውን ለአላፊ አግዳሚው ማሳየት አይፈልጉም፤ መብታቸውም ነው። ለእነርሱ የሚቀረው አማራጭ አለመዝጋት ነው፤ ለወንዶቹም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አማራጭ የለም።

አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ አንባቢ ልዩነቱን ያውቀዋል። እዚያ “ና… ና… ቁረጥ… በቃ!” እያለ የሚያስገባና የሚያስወጣ ወጣት አለ። ሁለት ሹፌሮች ሲጋጩ መሃል የሚገባውም እሱ ነው። በካይሮ “ሳይስ” የሚባለው ሰራተኛ ተመሳሳይ ስራ ይሰራል። እንዲያውም እዚያ ደርበው የሚያቆሙ ሰዎች የእጅ ፍሬኑን ለቀው፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው ይሄዳሉ፤ የተዘጋበት ሰው መኪናውን ገፋ አድርጎ ይወጣል። በዱባይ ግን በመሃል የሚገባ ሰው የለም። ያለው የክፍያ ማሽኑ፣ የስልክ መተግበሪያውና ወደ 7275 የሚላከው አጭር መልዕክት ነው። ማሽን ደግሞ ክፍያ ይቀበላል እንጂ አያስታርቅም።

ዋጋውም የራሱ ሚና አለው። በዱባይ ከፈረንጆቹ ሚያዝያ 4 ቀን 2025 ጀምሮ ተፈላጊ በሆኑ አካባቢዎች ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት እና ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ለአንድ ሰዓት 6 ድርሃም ይከፈላል። እሁድ ነጻ ነው። ከክፍያው የሚሸሽ ሰው ወደ አሸዋማው ባዶ ሜዳ ይሄዳል። እዚያ መስመር የለም፤ መግቢያና መውጫውም በግምት ነው። መጨረሻ የመጣው ሰው መውጫው ላይ ያቆምና ሃያ መኪና ዘግቶ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ የሚያቆሙ ከሆነ ከመውረድዎ በፊት “ከፊቴ ያለው መኪና በየት ይወጣል?” ብለው አንዴ ይመልከቱ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ካራክ ሻይም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ከካፍቴሪያው ፊት ሁለት መኪና ዘግቶ ክላክስ የሚነፋ ሹፌር ያላየ የባህረ ሰላጤ ነዋሪ የለም። ሻይ አቅራቢው ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እየሮጠ ይወጣል፣ ትዕዛዝ ይቀበላል፣ ተመልሶ ይሮጣል፤ ከፎቅ ላይ ደግሞ ህጻን ይነቃል። ለአንዲት ብርጭቆ ሻይ ይህ ሁሉ ይበዛል።

እስካሁን ያነሳነው ሁሉ የሚያናድድ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ግን ሰውን ይጎዳል። አረብ ኤምሬትስ ከ2017 ጀምሮ አካል ጉዳተኞችን “አስሃብ አል ሂመም” ማለትም የቆራጥነት ባለቤቶች ብላ ትጠራቸዋለች። ለእነርሱ ከተከለለው ቦታ ጎን ሰያፍ መስመር የተሰመረበት ክፍት ቦታ አለ። ብዙ ሰው “ባዶ ነው” ብሎ መኪናውን እዚያ ያስገባል። ያ ቦታ ግን የተሽከርካሪ ወንበር መውረጃ ነው። በሩ እስከ መጨረሻው ካልተከፈተ ወንበሩ አይወጣም፣ አይገባም። እርስዎ “ለሁለት ደቂቃ” እዚያ ካቆሙ ከሱቅ የተመለሰው ሰው የራሱ መኪና ውስጥ መግባት አይችልም። መኪናው እያለው በሙቀቱ ውጭ ይቀራል።

ለአካል ጉዳተኞች በተከለለ ቦታ ወይም በእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ፊት ማቆም 1 ሺህ ድርሃምና 6 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል። 24 ነጥብ የሞላበት ሰው መንጃ ፈቃዱ ይታገዳል፤ እንዲህ ያለ ጥፋት አራት ጊዜ ማለት ነው። በእኔ ግምት ቅጣቱ አይበዛም። በሌላ በኩል ፈቃድ ኖሮት በእግሩ የሚራመድ ሰው ሲያዩ አይቆጡ። ልብ ወይም ሳንባ የታመመ ሰው በሽታው ግንባሩ ላይ አይጻፍም።

እንግዲህ የተዘጋብዎ እርስዎ ከሆኑ ምን ያደርጋሉ? ጎማ ማስተንፈስና መኪና መጫር ባለመብቱን ተከሳሽ ያደርጋሉ። ከዚህ ይልቅ ብዙዎች የማያስቡት ወጥመድ ግን ዋትስአፕ ነው። በንዴት ወደዚያ የወረቀት ቁጥር የተላከ አንድ ስድብ በኤምሬትስ የሳይበር ወንጀል ህግ እስርን ወይም ከ250 ሺህ እስከ 500 ሺህ ድርሃም ቅጣትን ሊያስከትል ይችላል። ዘግቶ ያቆመው ሰው 500 ድርሃም ከፍሎ ሲሄድ የሰደበው ሰው ፍርድ ቤት ይመላለሳል። በስራ ቪዛ ለሚኖር ሰው ደግሞ የወንጀል ክስ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልግም።

ስለዚህ ቁጥር ካለ መጀመሪያ ይደውሉ። ካልተነሳ የሰሌዳ ቁጥሩንና የቆመበትን ቦታ ብቻ ጽፈው “ለው ሰመሕት” ብለው ይላኩ። ቁጥር ከሌለ በአቅራቢያው ያለውን የህንጻ ጠባቂ ይጠይቁ፤ ዘበኞች የማን መኪና የማን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያም ካልሆነ በዱባይ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ ፖሊስ በ901 ይገኛል። የሰሌዳውን ቁጥር፣ የወጣበትን ኤምሬትና የመንገዱን ስም ይዘው ይደውሉ።